ስለ ሰባቱ አያያዞችና ስለ እንድርያስ ክንድ

ውድ ጋሽ ከፍያለው፣

ደብዳቤ ሲጀመር ጤና እንደሚጠየቅ አላጣሁትም። ግን ባለፈው ማክሰኞ በዓይኔ ስላየሁዎት ደህና መሆንዎን አውቃለሁ። ደህና ያልሆንኩት እኔ ነኝ።

ማክሰኞ ኮምቦልቻ መናኸሪያ ውስጥ ስንገናኝ ቀድሜ አይቼዎት ነበር። ዳቦ በፌስታል አንጠልጥለው ሲመጡ ሳይ ከሚኒባሱ ኋላ ዞርኩና ጫማዬን የማስር መስዬ ጎንበስ አልኩ። እርስዎ ግን ከጀርባዬ አወቁኝ። "ዐቂል! አንተ ልጅ፣ ምነው እንዲህ ጠፋህ?" ብለው ትከሻዬን ያዙኝና አገላብጠው ሳሙኝ። "ሥራ በዝቶብኝ ነው ጋሼ" አልኩ። ይኼም ውሸት ነው። አንድ ዓመት ከመንፈቅ ሙሉ ኮምቦልቻ ስመጣ በእርስዎ ሰፈር ላለማለፍ በሌላ መንገድ ስዞር ነው የኖርኩት።

ከዚያ ድምፅዎን ዝቅ አድርገው ያሉኝ ነገር እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። "ስለዚያ ስለ አያያዙ ነገር አንተ ልክ ነበርክ። ስንት ዓመት በአንድ እጀታ እያሳብኩት የልጄን ክንድ የጨረስኩት እኔ ነኝ። አንተማ ነግረኸኝ ነበር፣ እኔ ነኝ ያልሰማሁህ" አሉኝ።

ወላሂ ልናገር አፌን ከፍቼ ነበር። ረዳቱ "ደሴ አንድ ሰው! ደሴ የሞላ!" ብሎ ሲጮህ ግን ዘልዬ ገባሁ። እርስዎ በመስኮቱ በኩል ከፌስታሉ አንድ ዳቦ አውጥተው አቀበሉኝ፤ "መንገድ ላይ ትበላዋለህ" አሉ። የሐረጎን ዳገት ወጥተን ደሴ እስክንገባ ድረስ ዳቦው እጄ ላይ ነበር። አልበላሁትም። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴትዮ "አሞሃል እንዴ ወንድሜ?" አለችኝ።

ጋሽ ከፍያለው፣ ልክ አልነበርኩም። ይህችን አንዲት ዓረፍተ ነገር ለመጻፍ አራት ቀን ፈጅቶብኛል። አሁን ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ነው፤ መብራት ስለጠፋ ጂሙ ውስጥ ማንም የለም። መብራቱ ሳይመጣ ልጨርሰው።

እርስዎ ቤት መጀመሪያ የመጣሁት የዛሬ ስምንት ዓመት ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። አባቴ ባሽር፣ ደሴ ሆጤ ሰፈር ካለው ሱቁ፣ ወደ ኮምቦልቻ ደንበኞቹ ጨርቅ ይልከኛል፣ እኔም ጣቃውን በትከሻዬ ተሸክሜ ከሱቅ ሱቅ እዞራለሁ። ከሲታ ነበርኩ፣ ትከሻዬ ወደ ፊት የወደቀ፣ ሳስል ጀርባዬን የሚያመኝ። አንድ ልብስ ሰፊ ደንበኛችን ሲያየኝ አዘነና "የፋብሪካው ሜካኒክ ጋ ሂድ፤ እሱ ያቃናሃል" ብሎ ላከኝ።

ከቤትዎ ኋላ ያለችው የቆርቆሮ ክፍል ስገባ የሳቅኩት ትዝ ይለኛል። ክብደት የሚባለው በወተት ጣሳ የተሞላ ሲሚንቶና የጭነት መኪና ማርሽ ነበር። ከጣሪያው በካሩካላ መንኮራኩር የሚወርድ ገመድ አለ፤ ጫፉ ላይ ሁለት አጫጭር የውሃ ቧንቧዎች ጎን ለጎን ተበይደዋል። ሰው ሲይዛቸው መዳፍና መዳፍ ይተያያል። ሌላ እጀታ አልነበረም። ተቀምጦ ወደ ደረት መሳብ ነው፤ በቃ።

"ጋሼ፣ ሰፊ ዘንግ የለም እንዴ? በቪዲዮ የማያቸው ሰዎች አንዴ ሰፋ አድርገው፣ አንዴ አጥብበው፣ አንዴ መዳፋቸውን ገልብጠው ነው የሚስቡት" አልኩዎት።

"የእጅህን አንጓ ያምሃል?" አሉኝ።

"አያመኝም።"

"ክርንህንስ?"

"አያመኝም።"

"እንግዲያው ሳብ። ጀርባህ እጅህ ምን እንደጨበጠ አያይም። ክርንህ ከየት ተነስቶ የት እንደደረሰና ክብደቱ ምን ያህል እንደፈተነው ነው የሚያውቀው።"

ደግሞ ግትር አልነበሩም። ሾፌሩ ወንድምአገኘሁ ትከሻውን ሲያመው በማግስቱ ለሱ ብቻ ሌላ እጀታ በይደው አመጡለት። እኔ ቀናሁና "ለሱ ሲሆን ለምን?" አልኩ። "ለጀርባው ብዬ አይደለም፣ ለትከሻው ነው። አያያዝ የሚቀየረው መገጣጠሚያው ሲጠይቅ ነው፣ ወይ ሰውዬው ሲሰለቸው" አሉኝ። ያኔ የነገሩኝ ይኼን ያህል ነበር፤ እኔ ግን በአንዱ ጆሮዬ ሰምቼ በሌላው አፈሰስኩት።

በረመዳን ያደረጉልኝንም አልረሳሁም። እርስዎ ጴንጤ፣ እኔ የሙስሊም ልጅ። ፆም ሲገባ "የአንተን ሰዓት ወደ ማታ እናስጠጋው" ብለው ልምምዴ ልክ መግሪብ ሲል እንዲያልቅ አደረጉልኝ። ባለቤትዎ እትዬ ፀሐይነሽ በሩ ላይ ሾርባና ቴምር ይዘው ይጠብቁኛል። እርስዎ አጠገቤ ቁጭ ብለው እኔ እስካፈጥር ውሃ እንኳ አይቀምሱም ነበር። በሁለት ዓመት ውስጥ ቀና ብዬ መሄድ ጀመርኩ። አባቴ ሲያየኝ "ይኼ ልጅ ቁመቱ ጨመረ እንዴ?" አለ። ቁመት አልነበረም የጨመርኩት። የእርስዎ ሥራ ነበር።

አባቴ ከሱቁ ኋላ ያለውን መጋዘን ሲለቅልኝ ሆጤ ላይ ጂም ከፈትኩ። መስታወት፣ ከአዲስ አበባ የመጡ ማሽኖች፣ በየዓይነቱ እጀታ፤ ሰፊው፣ ጠባቡ፣ ጠማማው፣ ገመዱ። ቲክቶክ ላይ ቪዲዮ መልቀቅ ጀመርኩ። ሰው የሚያየው አዲስ ነገር ሲነገረው ነው፤ "በርታ፣ ጠንክር፣ ደግሞ ጠብቅ" ብትለው አያይህም። ስለዚህ "የጀርባ ሰባቱ አያያዞች" የሚል ነገር ፈጠርኩ። አንደኛው ከብብት ሥር ላለው ለጀርባ ክንፍ ስፋት፣ ሁለተኛው ለውፍረቱ፣ ሦስተኛው ለታችኛው ጫፍ፣ እያልኩ እስከ ሰባት። ከየት አመጣኸው ቢሉኝ ግማሹን ከሌሎች ቪዲዮዎች ለቃቅሜ፣ ግማሹን ከራሴ ጨምሬ ነው። ሰባት ያልኩት ስድስት ሲሉት ስለማያምር ብቻ ነው። ግድግዳው ላይ በትልቁ አስጻፍኩት።

በምርቃቱ ቀን እርስዎንና እትዬ ፀሐይነሽን ጠራኋችሁ። ክራባት አስረው መጡ። ክራባት አድርገው ያየሁዎት ያን ቀን ብቻ ነው። የተሰቀሉትን እጀታዎች አንድ በአንድ እየነካኩ አዩና፣ በቅንነት፣ "ይኼ ሁሉ ለምንድነው ልጄ?" አሉኝ። ዙሪያዬን ሰው ከቦኛል፤ ስልክ ተደግኗል። እኔም፣ "ጋሼ፣ ይኼ እኮ የሲሚንቶና የቧንቧ ዘመን አይደለም! በአንድ አያያዝ ብቻ የሚሰራ ጀርባ አንድ ቀን ይበጠሳል" አልኩ። ሰው ሳቀ። እርስዎም አብረው ሳቁ። እትዬ ፀሐይነሽ ግን አልሳቁም፤ መሬት መሬት አዩ። በማግስቱ ያንን ቪዲዮ ለቀቅኩት፤ ብዙ ሰው ወደደው።

ሌላ ሰው ቢሆን በዚያው ይቀየመኛል። እርስዎ ግን ከወራት በኋላ ልጅዎን ላኩልኝ። እንድርያስ ራሱ ነው ያለኝ፤ "አባዬን ዐቂል ጋ ልሞክር ስለው 'ሂድ፣ እኔ የማላውቀውን ሊያሳይህ ይችላል' አለኝ" አለ። ሃያ ሁለት ዓመቱ ነበር። ኮምቦልቻ አሉሚኒየም በርና መስኮት የሚገጣጠምበት ቤት እየሠራ በሳምንት ሦስት ቀን ወደ ደሴ ይመላለስ ጀመር። ሸሚዙን ሲያወልቅ ጂሙ ውስጥ የነበረ ሰው ሁሉ ዞሮ አየው። እንደዚያ ያለ ጀርባ ደሴ ላይ አልነበረም። ሙሉ በሙሉ የእርስዎ ሥራ ነው፤ በዚያች በአንዲት እጀታ፣ በሲሚንቶ፣ በስድስት ዓመት ትዕግሥት የተሠራ።

እኔ ምን አደረግኩ? ከመጣ ሦስተኛ ሳምንቱ ላይ ካሜራ ፊት አቆምኩትና "ይህ ጀርባ በሰባቱ አያያዞች የተሠራ ነው" ብዬ ተናገርኩ። እንድርያስ ገረመውና ዞሮ አየኝ። ካሜራው ሲጠፋ "ዐቂል፣ ይኼ እኮ የአባዬ..." ሲለኝ፣ "አብሽር፣ ማስታወቂያ ነው፣ አባትህ አይከፋውም" አልኩት። አጉረመረመና ሸሚዙን ለበሰ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ከዚህ በላይ መሸሽ አልችልም።

ሐሙስ ከሰዓት ነበር። ስድስተኛውን አያያዝ እየቀረፅን ነው፤ ጎንበስ ብሎ፣ ሁለቱንም መዳፍ ወደ ላይ ገልብጦ ከባድ ዘንግ ወደ ሆድ መሳብ። እንድርያስ ይህን አያያዝ ከዚያ በፊት ሠርቶት አያውቅም፤ እኔም አላለማመድኩትም። ጀርባው ጠንካራ ስለሆነ ክብደቱን በጀርባው ልክ ጫንኩለት። ክንዱ ግን ለዚያ አልተዘጋጀም። መዳፍ ሲገለበጥ ክንዱ ላይ ያለው ጡንቻ ከባዱን ሸክም እንደሚካፈል አውቅ ነበር። አላውቅም ነበር ማለት እንኳ አልችልም።

በመጀመሪያው ዙር አራተኛውን ሲስብ ቆመና "ዐቂል፣ እዚህ ጋ ክርኔን ይወጋኛል" አለኝ።

"አዲስ ስለሆነብህ ነው" አልኩት።

"ትንሽ እንቀንሰው?"

"ካሜራው በርቷል። ሦስት ብቻ ቀረህ፤ ቻለው።"

እሱም ቻለው። ከሦስቱ ሁለተኛው ላይ ወፍራም ጨርቅ ሲቀደድ የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ሰማሁ። ዘንጉ ወደቀ። እንድርያስ አልጮኸም፤ ቀኝ ክንዱን በግራ እጁ ይዞ ተቀመጠ፤ ፊቱ አመድ መሰለ። የክንዱ ጡንቻ ከክርኑ ሸሽቶ ወደ ላይ ተሰብስቦ ነበር።

ሆስፒታል ሲደርስ ሐኪሙ ለብቻዬ ጠየቀኝ። "ምን ሲያደርግ ነው?" አለ፤ ነገርኩት። "ቀድሞ ያመው ነበር?" ሲለኝ "አይ" አልኩት። ሐኪሙም፣ "መዳፍ ተገልብጦ ድንገት ከባድ ክብደት ሲመጣ ክርን ላይ ያለው ጅማት የሚበጠሰው እንዲህ ነው። ተሰፍቶ ይያያዛል፤ ኃይሉ ግን እንደ ድሮው ላይመለስ ይችላል" አለኝ። ይህን የሰማሁት እኔ ብቻ ነኝ።

እርስዎ ከኮምቦልቻ በሥራ ልብስዎ ሲደርሱ በኮሪደሩ የቆምኩት እኔ ነበርኩ። "ምን ሆነብኝ? እንዴት ሆኖ ነው?" አሉኝ። እዚያች ቅጽበት ላይ እውነቱን ብናገር ኖሮ ዛሬ ይህን አልጽፍም ነበር። ግን ስለ ጂሙ አሰብኩ፤ ስለ ግድግዳው ጽሑፍ፣ ስለ ሰው ወሬ አሰብኩ። እጅዎን ይዤ፣ አዛኝ መስዬ፣ እንዲህ አልኩዎት፦ "ጋሼ፣ ይኼ ዛሬ የመጣ አይደለም። ጅማቱ ስንት ዓመት በአንድ አያያዝ ብቻ ሲሳብ አልቆ ነበር። አያያዙ ቢቀያየርለት ኖሮ አይደርስበትም ነበር። ዛሬ እኔ ጋ ሆነ እንጂ ነገ እርስዎ ጋ መሆኑ አይቀርም ነበር።"

መዳፍዎን ገልብጠው አዩት። ደጋግመው አዩት። "እንግዲህ እኔ ነኛ" አሉ። ከዚያ በኋላ አንድም ነገር አልጠየቁኝም። እንዲያውም "አንተ ደርሰህ ባታመጣው ኖሮ ምን ይውጠኝ ነበር፣ ጌታ ይባርክህ" ብለው መረቁኝ። ምርቃቱንም ተቀበልኩ።

ለእንድርያስም ያንኑ ነገርኩት። ከቀዶ ሕክምናው ሲነቃ አልጋው አጠገብ ሆኜ "ድሮ ያለቀ ጅማት ነው" አልኩት። ያመነኝ ስለሚያከብረኝ ነው፤ አሰልጣኙ ነበርኩና።

የቆርቆሮ ክፍሉን እንደዘጉት የሰማሁት ከሁለት ወር በኋላ ነው፤ ከወንድምአገኘሁ። ካሩካላውን አውርደው፣ ሲሚንቶዎቹን ለጎረቤት የአጥር መሠረት እንደሰጡ ነገረኝ። "ምነው ጋሼ ስንለው 'በሰው ልጅ አልሞክርም' አለን" አለኝ። በጦርነቱ ጊዜ ስንት ቤት ሲዘረፍ ያቺን ክፍል ማንም አልነካትም ነበር። እኔ በአንድ ዓረፍተ ነገር ዘጋኋት።

ታዲያ ዝም ብለህ ከኖርክ ዛሬ ምን ነካህ ይሉኝ ይሆናል። ማክሰኞ የሰጡኝ ዳቦ ነው ብል ግማሽ እውነት ነው። ሌላው ግማሽ ጂሜ ውስጥ ነው የሆነው።

ሁለት ሴቶች አብረው መሥራት ጀምረው ነበር። ሁስኒያ ትባላለች፣ ጨርቅ ነጋዴ ናት፤ ሌላዋ ትህትና፣ ነርስ ናት። ሁለቱም አንድ ቀን ጀመሩ፤ ሁለቱም መንጠልጠያ ይዘው አንድም ጊዜ ራሳቸውን ወደ ላይ መሳብ አይችሉም። ሁስኒያ አንጓዋ ስለሚያማት መዳፍ ለመዳፍ ከሚተያየው እጀታ በስተቀር ምንም መያዝ አትችልም ነበር። ትህትናን ግን እንደ ደንቤ በሰባቱም አያያዝ አዞርኳት። ክብደቱን ለሁለቱም እንደ አቅማቸው እጨምራለሁ፤ ሁለቱም ከልምምድ አይቀሩም። በአምስት ወሩ ትከሻቸውንና ጀርባቸውን ለካሁ። ልዩነት ፈለግኩ፤ ወላሂ አጥብቄ ነው የፈለግኩት። አላገኘሁም። ይባስ ብሎ መንጠልጠያው ላይ መጀመሪያ ራሷን የሳበችው ሁስኒያ ናት። ትህትና በአራተኛው ቀን ተከተለቻት።

ሁስኒያ ላቧን እየጠረገች ግድግዳውን አየችና፣ "ኧረ ዐቂል፣ ታዲያ እኔ በአንዱ ብቻ ከሠራሁ ስድስቱ ምን ነበሩ?" አለችኝ፤ ለቀልድ ነው። ትህትናም ሳቀችና "እኔን ለመቅጣት ነዋ!" አለች። እኔ መሳቅ አልቻልኩም። ውሃ ልጠጣ ብዬ ወጣሁ።

ከዚያ ወዲህ የሚያውቁ ሰዎች የጻፉትን ተቀምጬ ማንበብ ጀመርኩ፤ ድሮ ማድረግ የነበረብኝን ማለት ነው። አያያዝ ከነጭራሹ ለውጥ የለውም ብዬ አሁን ደግሞ በሌላ በኩል አልዋሽዎትም። ሰፋ ተደርጎ ሲያዝ ክርን ወደ ጎን ይከፈታል፣ የላይኛው ጀርባ ትንሽ ይበልጥ ይሠራል። መዳፍ ሲገለበጥ ክንድ ያግዛል። የጀርባው ክንፍ ላይ ግን ልዩነቱ ያን ያህል አይደለም፤ ከዚያ ይበልጥ የሚወስነው አንድ ሰው ሳይሰለች፣ እስከሚከብደው ድረስ፣ ለወራት መሳቡ ነው። መቀያየሩ የሚጠቅመው መገጣጠሚያን ለማሳረፍ፣ ሕመም ሲመጣ ለመሸሽና እንዳይሰለች ነው። ይህን ሁሉ አንብቤ ስጨርስ ያገኘሁት እርስዎ ስለ ወንድምአገኘሁ ትከሻ የነገሩኝን ነው።

አንድ ሌላ ነገርም አለ። የዚያን ሐሙስ ቪዲዮ ለሰው አላሳየሁትም፤ ግን አላጠፋሁትም። ለምን እንደሆነ አላውቅም። ስልኬ ውስጥ አለ። "ይወጋኛል" የሚለው ድምፁ አለ። "ቻለው" የሚለው የእኔ ድምፅ አለ።

ትናንት ከጁምዓ ሶላት በኋላ ኮምቦልቻ ወረድኩ። መጀመሪያ ለእንድርያስ መናገር አለብኝ ብዬ ነው፤ ክንዱ የእሱ ነውና። አሉሚኒየም ቤቱ ስደርስ የመስኮት ፍሬም ላይ ብሎን እያሰረ ነበር። ካቻቢቴውን የያዘው በግራ እጁ ነው። በቀኝ እጁ ሞከረና ሁለት ዙር አዙሮ እንደገና ወደ ግራ አዛወረው። ይህን ከበሩ ቆሜ ሳይ ልመለስ ምንም አልቀረኝም።

ሲያየኝ ደስ አለው። ደስ ማለቱ ነው ይበልጥ የገደለኝ። "ና ግባ! ሻይ ልዘዝልህ?" አለኝ። "አይ፣ መጀመሪያ አንድ ነገር ስማ" አልኩና ስልኩን ሰጠሁት።

ሁለት ጊዜ አየው። ሁለተኛውን ጊዜ ዓይኑን ጨፍኖ ነው ያዳመጠው። ከዚያ ሐኪሙ ምን እንዳለኝ፣ እኔ ለእናንተ ምን እንዳልኩ፣ አንድም ሳላስቀር ነገርኩት። ጅማቱ ያለቀ እንዳልነበረ፣ እርስዎ የሠሩት ጤነኛ እንደነበር፣ የበጠስኩት እኔ እንደሆንኩ ነገርኩት። ይመታኛል ብዬ ነበር። ቢመታኝ ደስ ይለኝ ነበር።

ብሎኖቹን ከጠረጴዛው ላይ አንድ በአንድ ለቅሞ ጣሳ ውስጥ ከተተ። ከዚያ፣ "እኔማ እጄ ነው። አንተ 'ቻለው' ስትለኝ ማስቀመጥ እችል ነበር፤ ቪዲዮው ላይ ጎበዝ መምሰል ፈልጌ ነው" አለኝ።

"እንዲህ አትበል" አልኩት።

"ስለ እኔ አይደለም የተናደድኩት" አለ። "አባቴ ሲጸልይ ሰምተኸው ታውቃለህ? በየቀኑ፣ ጠዋት ወደ ሥራ ከመውጣቱ በፊት፣ 'ጌታ ሆይ፣ በልጄ ላይ ስላደረግኩት ይቅር በለኝ' ይላል። አንድ ዓመት ተኩል ሙሉ። እኔ ግድግዳው ወዲህ ሆኜ እሰማለሁ። 'አባዬ አንተ አይደለህም' እንዳልለው፣ አንተ ነግረኸን እሱ ነው ብዬ አምኛለሁ። ይገባሃል ዐቂል? እኔም አምኜ ነበር። አንዳንድ ቀን እጁን ሲዘረጋልኝ እሸሸው ነበር።"

"እንዴት ልንገረው?" ብቻ አልኩ።

"እሱን አንተ ታውቃለህ። እኔ አልነግርልህም" አለና ካቻቢቴውን አነሳ። ስወጣ አልተሰናበተኝም። ልክ ነው።

ጋሽ ከፍያለው፣ ዛሬ ጠዋት የግድግዳውን ጽሑፍ ራሴ ቀለም ቀባሁበት። ከረፋዱ ዱሀ ጀምሬ እስከ ቀትሩ ዙሁር ፈጀብኝ፤ ሁለት ጊዜ ቀብቼውም ፊደሎቹ ከሥር ይታያሉ። የመጡትን ሰዎች ሰብስቤ የሆነውን ነገርኳቸው። አንዳንዶቹ እስከ መጨረሻው ሰሙኝ፣ ሁለቱ ዕቃቸውን ይዘው ወጡ። ሁስኒያ "ለአባትየው ነግረኸዋል?" አለችኝ። "ገና" ስላት "ታዲያ እኛን ለምን አስቀደምክ?" አለችኝና ፊቷን አዞረች። እዚህ ቁጭ ብዬ እንድጽፍ ያደረገችኝ እሷ ናት። የምርቃቱን ቪዲዮ ከቲክቶክ ላይ አነሳሁት። በቦታው ምን እንደሆነ ራሴ የምናገርበትን አስቀምጣለሁ፤ ግን እርስዎ ከማንም በፊት ከእኔ መስማት ስላለብዎት ከነገ በፊት አይሆንም።

ይቅር በሉኝ ብዬ መጻፍ ከብዶኛል። ይቅርታ ላለመጠየቅ አይደለም። እርስዎን አውቅዎታለሁ፤ ቃሉ ከአፌ ሳያልቅ "ይቅር ብዬሃለሁ" ይሉኛል፣ እኔም ቀልሎኝ ወደ ደሴ እመለሳለሁ። እንዲያ እንዲቀልለኝ አልፈልግም። ይቅር ባይሉኝም በደሉኝ አልልም።

ይህን ደብዳቤ በሰው እጅ አልልከውም። ነገ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለሱ በራችሁ ላይ ቆሜ እጠብቃለሁ። እትዬ ፀሐይነሽ ባሉበት፣ እንድርያስም ከፈቀደ እሱ ባለበት፣ ቆሜ አነብላችኋለሁ። ድምፄ ቢከዳኝ ወረቀቱን ለእርስዎ እሰጥዎታለሁ። ግባ ካላላችሁኝ ከደጅ ሆኜ አነባለሁ። ጎረቤት ቢሰማም ይስማ፤ ክፍሉን ዘጋው ሲባል የሰሙት እነሱ ናቸውና ለምን እንደተዘጋም ይስሙ።

ይህን እስኪሰሙ ድረስ ግን ያንን ጸሎት አንዴ ይደግሙት ይሆናል። ሰኞ ጠዋት ሥራ ከመውጣትዎ በፊት በእንድርያስ ክንድ ስም ይቅርታ አይጠይቁ። ይቅርታ መጠየቁን ለእኔ ይተዉልኝ።

ያሳፈርኩዎት ልጅዎ፣
ዐቂል ባሽር
ደሴ፣ ሆጤ